ያልተሞሉት ሦስት መስመሮች

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ጉልበትሽ ዳገት ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልሽ ቅባት ረዳሽ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም። ዛሬ ደግሞ የሚያኮራ ወሬ ይዤልሻለሁ።

መቼም ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ወንዙ ውስጥ የተተከለውን ባለ ቁጥር ዘንግ ጠዋትና ማታ እያየሁ ውኃው የደረሰበትን መዝገብ ላይ መጻፍ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። ጎረቤቶቼ "ወንዙን አግብታ ቀረች" እያሉ ይቀልዱብኛል። በዚሁ ውኃ የእኛና የታችኛው አገር ሹማምንት ሦስት ዓመት ሲጨቃጨቁ ከረሙ። እነሱ "ለእርሻችሁ ጠልፋችሁ አደረቃችሁን" ይላሉ፤ የእኛዎቹ "የጠፋው ዝናቡ ነው" ይላሉ። አንዱ የሌላውን ቁጥር አያምንም። በመጨረሻ ሊያስማሙ የመጡት የውጭ ባለሙያዎች፣ የሁለቱም ወገን ለኪዎች መዝገባቸውን ይዘው ስብሰባው ላይ ይቅረቡ አሉ።

ከመሄዳችን በፊት አለቃዬ መዝገቤን ሲያገላብጥ ሦስት ባዶ መስመሮች አገኘ። "የፊቱንና የኋላውን አይተሽ ሙዪባቸው፤ ለሦስት ቀን ብሎ ማን ይጠይቅሻል?" አለኝ። አባታችንን ልቀብር እናንተ ዘንድ የመጣሁባቸው ቀናት ናቸው። እጄ እምቢ አለኝ። እሱም ተኮሳትሮ ወጣ።

የፈራው አልቀረም፤ አዳራሹ ውስጥ የታችኛው አገር መሐንዲስ ዓይኑ እዚያው ላይ አረፈና ለምን ባዶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ተነሥቼ "አባቴን ልቀብር ሄጄ ነበር፤ ያላየሁትን አልጽፍም" አልኩት። ከዚያ የእነሱ ለኪ የሆኑት ሽማግሌ የራሳቸውን መዝገብ ገልጠው "እኔም ልጄን የዳርኩ ዕለት አልለካሁም" ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። መሐንዲሱም መነጽሩን አውልቆ "ቁጥር የሚፈጥር ሰው ባዶ ቦታ አይተውም" አለ።

መዝገቦቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ዝናቡም ቀንሷል፤ የእኛም ቦዮች ከድርሻቸው በላይ ጠጥተዋል። ለካ ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው። በበጋ የእኛ ቦዮች በሳምንት ሁለት ቀን እንዲዘጉ፣ እነሱም ውኃ የሚያባክነውን አሮጌ ቦያቸውን እንዲጠግኑ ተፈራረሙ። እርግጥ የሁለቱ አገር ምክር ቤቶች ገና አላጸደቁትም፤ ለጥገናው እንረዳለን ያሉት አገሮችም ቃል ገቡ እንጂ እጃቸውን ገና አልዘረጉም። ሽንኩርት አምራቹ ጎረቤቴማ "የገዛ ሰውሽን ውኃ አሳልፈሽ ሰጠሽ" ብሎ ሰላምታ ነሥቶኛል። አልፈርድበትም፤ ግን ከታች ያለውም ሰው ጥማት ያውቃል።

ከፊርማው በኋላ መሐንዲሱ የቁጥር አጻጻፌ እንዴት እንዲህ እንደጠራ ጠየቀኝ። ታላቅ እህቴ ኩሽናው ግድግዳ ላይ በከሰል እንዳስተማረችኝ፣ ሰባትን ባጣመምኩ ቁጥር አስጠፍታ እንደገና እንደምታስጽፈኝ ነገርኩት። እንግዲህ እትዬ፣ ያንቺም እጅ ያለበት ውል ነውና ቀና ብለሽ ሂጂ።

ባለቤትሽን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። ትልቋን ልጅሽን በርቺ፣ መንትዮቹን ደግሞ አትጣሉ በያቸው። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ይህንንም ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው።

እህትሽ
ከወንዙ መለኪያ ጣቢያ፣ ግንቦት 9 ቀን