የጋሽ ሃሺም ጥያቄ

አሶሳ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 12

የሟቹን የሒሳብ መምህራችንን፣ የጋሽ ሃሺምን የቪዲዮ ትምህርት ዛሬ ለተማሪዎቻቸው አሳየሁ። ፋይሉ ከላፕቶፓቸው ኮፒ አልሆን ስላለኝ ትናንት እዚያው ላይ ከፍቼ ስክሪኑን ቀዳሁት። የመጀመሪያው ቅጂ ድምፁን ከማይኩ ስለወሰደ የጄኔሬተር ጩኸት ብቻ ሆነ። ለሁለተኛው ማይኩን ዘግቼ የኮምፒውተሩን ድምፅ ብቻ መረጥኩ፤ ጥርት ብሎ ተቀዳ። ዐሥር ደቂቃ ነው።

ጋሽ ሃሺም በሕይወት እያሉ «ገባችሁ?» ብለው ካልተመለሰላቸው ወደፊት አይሄዱም ነበር። ዛሬም ክፍሉ «አዎ!» ሲል ቀጠሉ። ክፍልፋይ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ዝም አለ። እሳቸውም ዝም አሉ። ቪዲዮው ቆመ ብዬ ልነሳ ስል አሚና ከኋላ «አዎ» አለች። ቀጠሉ።

ስንወጣ «ቲቸር፣ እስክንመልስ ጠበቁን እኮ» አለችኝ።

«አጋጣሚ ነው» አልኳት።

ከምሳ በኋላ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ከፈትኩት። «ገባችሁ?» አሉ። ሆን ብዬ ዝም አልኩ። ትንፋሻቸው ይሰማል። ስክሪኑ ላይ ደቂቃው መቁጠሩን አላቆመም፤ ዐሥራ ስድስት ደርሷል። ይህን ስጽፍም እየጠበቁኝ ነው።

«አዎ» እንዳልላቸው፣ ምኑም አልገባኝም።