ቀለበት መንገድ ላይ «ወራጅ አለ!»

ድንቡሼዬ፣

ለሥራ ፈተናው በሚኒባስ ስሄድ መውጫዬ በመስኮት ሲያልፍ አየሁና፣ እንደ ሰፈራችን «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። ሹፌሩማ «ልጄ፣ እዚህ ከቆምኩ የምንወርደው መቃብር ነው!» ብሎ የሚቀጥለው ማሳለጫ ሥር አወረደኝ። በሌላ መኪና ተመልሼ፣ ላብ በላብ ሆኜ ስደርስ ሰዓቱ አልፏል። ፈታኞቹ ግን ገና ሰብሳቢያቸውን ይጠብቃሉ። እሱም ከኋላዬ እያለከለከ ገባና «ይቅርታ፣ መውጫው አመለጠኝ!» አለ። ሳላስበው «እኔንም!» አልኩት። ፈተናውንም አለፍኩ፤ ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ!

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እናቴን ጉንጯን ሳሚልኝ። አንቺም ማመልከቻሽን እዚሁ መሥሪያ ቤት ዛሬውኑ ላኪ። ስትመጪ ግን መውጫው ላይ ያለው ድልድይ ገና በሩቅ ሲታይሽ ጩኺ፤ ታች ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ያቺው ችኩሏ ጓደኛሽ