የምትወጣበት በር

ኅዳር 6
ጠዋት አንድ ቁም ሳጥን፣ ከሰዓት አንድ የተሰበረ የወንበር እግር። ታሪክ የሚዘግበው ቀን... ማታ ባለቤቴ መጣችና፣ "ለቲያትራችን መድረኩ ላይ የሚቆመውን ቤት አንተ ትሠራለህ፤ ቃል ገብቼልሃለሁ" አለች። ቃል የምትገባው እሷ፣ እንጨት የምልገው እኔ። "እሺ" አልኩ። እቤት ውስጥ ከ"እሺ" ሌላ ቃል ካወጣሁ ስንት ዘመኔ? ምላሴ የሚፈታው እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ኅዳር 8
የሰፈሩ አዳራሽ ሄድኩ። አዘጋጇ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው፤ ተዋንያኑን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃል ያስሸመድዷቸዋል። ታሪኩን ነገሩኝ። ሚስት ዝምተኛ ባሏን ጥላ ትሄዳለች። መጨረሻ ላይ ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ በሩን ከፍታ ትወጣለች። መጋረጃ።
"ቲያትሩ ማለት ያ በር ነው፣ ልጄ። ሌላው ግድግዳ ነው።"
ሚስትየዋን የምትጫወተው ማን ናት? የኔዋ። ባልየውስ? መድኃኒት ቤት የሚሠራው፣ ሰፈሩ "መረዋ" የሚለው። ድምፁ እንዲያ ነው፤ "ከምግብ በኋላ ይወሰዳል" ሲል ሕመምተኛው እዚያው ይድናል።
እንግዲህ ሚስቴ የምትወጣበትን በር ልሠራ ነው። በነፃ።

ኅዳር 12
ንድፉን አሳየኋቸው። ያማረ ሳሎን፣ ከነኮርኒሱ።
"ኮርኒስ?" አሉ አዘጋጇ።
"ቤት አይደል እንዴ፣ እትዬ?"
"መብራቱ የሚመጣው ከላይ ነው! ተዋንያኖቼን በሳጥን ልትቀብራቸው ነው?"
ዕድሜዬን ሙሉ ቤት ስሠራ ኖሬ፣ ቤት ማለት ሦስት ግድግዳና ድፍረት መሆኑን ዛሬ ተማርኩ።

ኅዳር 17
ግድግዳው ቆመ። ቀጭን እንጨት፣ ላዩ ላይ የተወጠረ ጨርቅ፣ ከኋላ ድጋፍ። መስኮቱ በቀለም የተሳለ። በሩ ግን እውነተኛ ጥድ።
ባለቤቴ ኩሽና ውስጥ ቃሏን ታጠናለች። ድስቱን ታማስላለች፣ "እሄዳለሁ" ትላለች። ጨው ትቀምሳለች፣ "እሄዳለሁ።" ባለፈው ሳምንት ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዛሬ ቀጥ ብሏል። ልምምድ ነው። ልምምድ መሆኑን አውቃለሁ... ግን ልምምድ እንዲህ ያምራል እንዴ?
ልጠይቃት ነበር። "ጨው በዝቶበታል?" ብላ ቀደመችኝ። "እሺ" አልኩ።

ኅዳር 18
ልምምድ ላይ በሩ አልከፈትም አለ። ባለቤቴ ሳበችው፣ ገፋችው፣ ሻንጣውን አስቀምጣ በሁለት እጇ ታገለችው። መረዋ ሊያግዛት ተነሳ። የምትጥለው ባል ራሱ በር ሊከፍትላት! ጨዋነት ይሉሃል ይሄ ነው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።
"እርጥበት ነው፤ እንጨቱ አብጦ" አልኩ። እንደ ሐኪም።

ኅዳር 21
ድጋሚ። ላግሁት ብያቸው ነበር። ላግሁት ወይ? መላጊያዬን ይዤ ሄጃለሁ፤ እሱን ማንም አይክደኝም።
አዘጋጇ፦ "የሰፈሩ በር ሁሉ ያንተ ሥራ ነው። የቱ ነው እንዲህ የሚጣበቀው?"
ባለቤቴ አየችኝ ብቻ። ከስድብ የሚከፋ አስተያየት።

ኅዳር 25
ተቀምጬ እነሳለሁ፣ ተነስቼ እቀመጣለሁ። የሰው መሳቢያ ገልብጬ ገጠምኩ። ደንበኛው አየው፣ አየውና፣ "ይሄ ካልሲ የሚደፋበት ነው?" አለኝ።

ኅዳር 28
ነገ ትርኢቱ ነው። ዛሬ ከሰዓት ሰው ሁሉ ወጥቶ ሁለታችን ቀረን። እሷ መድረኩ ላይ፣ እኔ በሩ ሥር ተንበርክኬ።
"ስማ አንተ፣ ይሄ በር ለምንድን ነው የማይከፈተው?"
"እርጥበት..."
"ተው እንጂ! ዝናብ ከጠፋ ስንት ጊዜው።"
ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አመለጠኝ፦ "የምርሽን ልትሄጂ ነው እንዴ?"
ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።
"መሄድ ብፈልግ ያንተ በር ነው የሚያስቀረኝ? በመስኮት አልሄድም?"
"መስኮቱ ሥዕል ነው።"
"ለዚህ ለዚህማ አፍ አለህ!" ሻንጣው ላይ ተቀመጠች። "አልዋሽህም፣ አስቤ አውቃለሁ። እዚህ የምመጣው ስናገር የሚመልስልኝ ስላለ ነው። ቃሉን ጽፈው ቢሰጡትም ይመልሳል። አንተ 'እሺ' ነህ።"
"እሺ" ልል አፌን ከፈትኩ... ዘጋሁት።
"ምን ልበልሽ ታዲያ?"
"እኔ እንጃ። የሰው ነገር።"
ነገርኳት። የኩሽናውን "እሄዳለሁ"፣ ያልተላገውን በር፣ የመረዋን ድምፅ። እዚህ ላይ ሳቋ አመለጣት። "እሱ እኮ ከመድረክ ሲወርድ የሚያወራው ስለ ጨጓራው ብቻ ነው!"
ከዚያ ላግሁ። በሩን ያዘችልኝ።

ኅዳር 29
በትንሿ ጣቷ ተከፈተ። ወጣች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ፣ ድጋፉና አቧራው መሃል።
"እንዴት ነበርኩ?" አለች እያለከለከች።
"ፈራሁ" አልኳት። "በሩ ሲከፈት የምርሽን መስሎኝ ፈራሁ።"
ክንዴን ጨበጥ አድርጋ፣ እጅ ልትነሳ ተመለሰች።

ታኅሣሥ 3
ግድግዳውን አፍርሰናል። ጠዋት ቁርስ ላይ አወራሁ። ስለ ደንበኛው መሳቢያ፣ ስለ አዘጋጇ ቁጣ፣ ያየሁትን ሕልም ሳይቀር። ሻይዋ ቀዘቀዘ።
"ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ፋታ ስጠኝ! ሥራ ረፈደብኝ" ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።
ወሬዬ ገና ግማሽ ላይ ነበር። እያወራሁ ተከተልኳት። ጫማ አለማድረጌን ያወቅሁት መንገድ ላይ ነው።