የዋጃዋ ላንድሮቨር

ሙሄዬ፣ አላህ ይርሀምህና፣ ከተለየኸኝ ዘጠነኛው ወር ገባ። ያቺ ወባ በአራት ቀን አጣድፋ ከወሰደችህ ወዲህ ቤታችን ብዙ ተለውጧል። ኢዳዬን፣ የባል ሐዘን ጊዜዬን፣ ጨርሻለሁ። ጓሮ የነበረውን የማሽላ ጎተራ አፍርሼዋለሁ። በቦታው የቆመውን ብነግርህ ግን አታምነኝም፤ ላንድሮቨሯ ናት። አዎ፣ የዘይነባ ላንድሮቨር።

ስሟን ስጽፍ አሁንም እጄ ይከብደኛል። ከእኔ በፊት ታጭታልህ እንደነበር፣ ሽማግሎቹ ተጣልተው እንደፈረሰ በሠርጋችን ሰሞን የነገርከኝ አንተው ነህ። ምነው ባልነገርከኝ! ባሏ ሞቶ መኪናዋ ዋጃ፣ ግቢዋ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ከቆመች በኋላ፣ ጭነት አድርሰህ ከሰሜን በተመለስክ ቁጥር እዚያ ጎራ ማለት ጀመርክ። "ሞተሯ አልሞተም ሐዋ። ገዝቼ ላድሳት፤ የሰው መኪና መንዳት ሰለቸኝ" ስትለኝ እኔ የምሰማው ሌላ ነበር። እጅህ ግሪስ እየሸተተ ስትገባ እንኳ ከግሪሱ ሥር የሴት ሽቶ እፈልግ ነበር።

"ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን ዝገት ልትገዛ?" አልኩህ። ነገሬ ግን ስለ ቤንዚን አልነበረም። በመጨረሻ "ወይ እኔ፣ ወይ መኪናዋ!" አልኩህ። አንተም ዝም አልክ፤ ዋጃ ጎራ ማለቱንም ተውክ። እኔ ደግሞ ዝምታህን እንደ ድል ቆጠርኩት።

ባለፈው ወር ዘይነባ ሰው ላከችብኝ። ገዢ መጥቶላታል፤ መኪናዋን ቆራርጦ ብረቱን ሊሸጠው ነው። "ከመስጠቴ በፊት ግን የሙሄ ሚስት ትጠየቅ" ብላለች። አፏን ሞልታ "ሙሄ" ማለቷ አንገበገበኝ። "አልፈልግም" ልላት፣ በዚያውም ፊቷን ልይ ብዬ በማግስቱ ጠዋት ተሳፈርኩ።

ቆንጆ ናት ሙሄ። ፀጉሯ ሸብቶ እንኳ ቆንጆ ናት። መኪናዋ ግን ታስጠላ ነበር። ጎማዎቿ አፈር ውስጥ ሰምጠዋል፤ የሹፌሩ ወንበር ላይ ዶሮ ታቅፋለች። እምቢታዬን ልናገር አፌን ስከፍት ዘይነባ የሞተሩን ክዳን እየዳበሰች፣ "እዚህ ሥር ተኝቶ ሲፈታታ ያንጎራጉር ነበር። ድምፁ እንዴት ያምር ነበር!" አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። የማውቅ መስሏት ነው።

አሥራ ስድስት ዓመት አብሬህ ስኖር አንድ ቀን ስታንጎራጉር አልሰማሁህም። ነክተሃት እንደነበር ብትነግረኝ እንኳ እንዲያ ባልተቃጠልኩ። "እወስዳታለሁ" አልኳት። አንተን ልክስህ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ለሙት አይዋሽም። እኔ የማላውቀው ያንተ ነገር በእሷ ግቢ እንዳይቀር ብዬ ነው።

ነጯን ላም ሸጥኩ። ጓደኛህ ኡመር በጭነት መኪናው ጎትቶ ቆቦ ሲያስገባን ገበያተኛው ቆሞ አየን። "የሙሄ ሚስት ላም ሸጣ ዝገት ገዛች" ተባለ። ግድ አልሰጠኝም። አሁን ኡመር በየሳምንቱ ከጁምዓ በኋላ እየመጣ ይፈታታል፣ እኔ ብሎኑን በናፍጣ አጥባለሁ። ባለፈው ሞተሯ ተነስቶ ትንሽ ተንደቅድቆ ጠፋ። ኡመር ሳቀ፣ እኔ አለቀስኩ።

የዚያኑ ዕለት ስታንጎራጉር ምን ትል እንደነበር ጠየቅኩት። "ሙሄ? የትኛው ሙሄ? እሱ እንኳን ሊያንጎራጉር በፉጨትም አይታማ" አለኝ። ለካ ዜማህን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ዘይነባ።

ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ትናንት ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ዋጃ ተመለስኩ። ዘይነባ አልሳቀችብኝም። ዛፉ ጥላ ሥር አስቀምጣኝ ዜማህን ቀስ ብላ አንጎራጎረችልኝ። ግጥሙን ግማሹን ረስታዋለች፤ ባስታወሰችው ውስጥ የማንም ሴት ስም የለም፣ የእኔም የእሷም። ስለ ዝናብና ስለ ማሽላ ነው። ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። በሦስተኛው ድምጿ ተሰበረ። እሷም አንተን አጥታለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ቅናቴ ለቀቀኝ አልልህም። እሷ ያየችውን አላየሁም፤ መኪናዋን ስከለክልህ እንዳላየው ያደረግኩት እኔው ነኝ። ግን አልረሳህም ሙሄ። እኔ የማውቀውንም፣ ከሌላ ሴት አፍ ለምኜ ያመጣሁትንም እስክንገናኝ እይዘዋለሁ።

ሐዋ