ሳትታመሚ ጠያቂ ሲመጣ

ደብረ ታቦር፣ ጥር

ለምወድሽ እናቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ለወጉ ያህል አይደለም የምጠይቅሽ። ወገብሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? የጥር ብርድ እዚያ ገሳይ ላይ እንዴት አደረገሽ? እባክሽ ደኅና ሁኚልኝ። ዘንድሮ ያንቺ ጤና ከወትሮው ይበልጥ የሚያስፈራኝ ምክንያት አለኝ፤ እነግርሻለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሙሉቀን ሲያስተምር ይውላል፤ ልጆቹም አያታችን መቼ ትመጣለች እያሉ ይነዘንዙኛል።

ስልክ ልደውልልሽ ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ስልክሽን የምታነሣው የወንድሜ ሚስት ናት፤ እሷ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጋ ግቢውን ሁሉ ካላሰማች አይሆንላትም። ስለዚህ ይህን ወረቀት ሚኒባስ ለሚነዳው ለፋሲል ሰጥቼዋለሁ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሽው ለዚህ ቀን ኖሯል እማዬ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ ስትጨርሺ ምድጃ ውስጥ ክተቺው።

ጥፋቴን ልንገርሽ። እናቴ ታማ ተኝታለች ብዬ ለሰው አውርቻለሁ።

የማርያም ማኅበራችን ተራው የእኔ ነው። ጽዋውን ባለፈው ወር ከእትዬ ጥሩወርቅ ቤት ተረክቤ አምጥቼዋለሁ፤ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር የሚያየኝ ይመስለኛል። ማኅበሩን የሚመሩት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ የሳቸው ተራ ጾም ላይ ስለዋለ በሽሮና በጎመን አለፉት። የእኔ የዋለው ግን በአስተርእዮ ማርያም ነው። በዚህ ቀን ሥጋ የሌለው ድግስ ያሳማል።

የከተማ ኑሮ ይሻላል እያልሽ ለሰው ስትናገሪ እሰማሻለሁ። ጓዳዬን ብታዪው! ዘይት በጀሪካን መግዛት ከተውን ቆይተናል። ከማል ሱቅ በሃይላንድ ጠርሙስ ነው የማስቀዳው፤ እሱንም ሰው ካለ ጠርሙሱን በነጠላዬ ሸፍኜ እስኪወጡ እጠብቃለሁ። ጤፉን በማሽላ እቀይጠዋለሁ። ሽንኩርት በፍሬ ቆጥሬ እገዛለሁ። ድሮ እህል ከአውድማ ሲገባ ገበያው ይረግብ ነበር፤ ዘንድሮ ግን የጥር ወርም እንደ ነሐሴ ሆነብን። የሙሉቀን ደመወዝ እንደሆነ ባለበት ቆሞ ያያል። በጌሾው ዋጋ ከማልን ብጣላው፣ እኔስ ከየት አመጣዋለሁ እህቴ፣ ከዋጋው የተነሣ ሰው ሰላምታ እንኳ እየነፈገኝ ነው አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም ሰላም ሳልለው ነበር የገባሁት።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ እትዬ ጥሩወርቅ በሰው መካከል፣ ጠላውን ጠነሰስሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ብቅል የለ፣ ጌሾ የለ፣ ምኑን ልጠንስስ? የለኝም ማለት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል ናት። ምላሴ ግን እናቴ ታማብኛለች አለ። ከዚያ በኋላማ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ምናቸውን አመማቸው ሲሉኝ ወገቧን አልኩ። ይነሣሉ ወይ ሲሉኝ አትነሣም አልኩ። እንባዬም መጣ። ያለቀስኩት በራሴ አፍሬ ነው፤ እነሱ ግን ላንቺ መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ። እማዬ፣ በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

እትዬ ጥሩወርቅ እዚያው ቆመው ፈረዱ። እናት ተኝታ ድግስ አይደገስም፣ የዘንድሮው ይለፍሽ፣ ማኅበርተኛ የሚያስፈልገው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው፣ የፊታችን እሑድ ሁላችንም ሄደን እንጠይቃቸዋለን አሉ። መንገዱ ያደክማችኋል ብላቸው፣ እናትሽ እናታችን ናቸው አሉኝ። እንግዲህ ከነገ ወዲያ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዚሁ በፋሲል መኪና ይመጡልሻል። አንቺን ደግሞ ጭድ ተሸክመሽ ግቢ ለግቢ ስትመላለሺ ያገኙሻል።

ይህን ደብዳቤ ያሰብኩት፣ እሑድ ከአልጋሽ አትውረጂ፣ ጋቢሽን ተከናንበሽ ወገቤን በዪልኝ ብዬ ልለምንሽ ነበር። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ እኔም ደኅና እናቴን ላስተኛ ተነሣሁ።

ትናንት ግን ዓይናለም መጣች። ከእኔ ቀጥሎ፣ በየካቲት፣ ተረኛዋ እሷ ናት። ላንቺ የሚሆን ስኳር በፌስታል ቋጥራ አምጥታ፣ ትንሽ ስለሆነች ይቅርታ አድርጊልኝ አለችኝ። ስትሰጠኝ ዓይኔን አላየችም። ስለ ሕመምሽ ጠየቀችኝ፤ እኔም እንደለመድኩት ዋሸሁ። ልትወጣ በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሕመማቸው እስከ የካቲት ይቆይ ይሆን ብላ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሲገባኝ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። ከዚያ ደኅና ዋይ ብላኝ ሄደች።

እሷ ከሄደች በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ኅዳር ላይ ተረኛዋ ልጄን ኩፍኝ ያዘብኝ ብላ ደጇን ዘግታ ነበር። በሳምንቱ ልጁን ኳስ ሲራገጥ አይቼዋለሁ፤ እግዚአብሔር ማረው ብዬ አለፍኩ። ዘንድሮ ሰፈራችን በሽተኛ የበዛበት ለካ በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ አትተኚ እማዬ። ደጃፍሽ ላይ ቆመሽ ተቀበያቸው። እኔ መንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ። አፌ ከታሰረብኝም አንቺን ሲያዩ ያውቁታል። ያን ጊዜ ፊቴን ወዴት እንደማዞር አላውቅም፤ ካንቺ ጀርባ እቆም ይሆናል፣ እንደ ልጅነቴ። ጽዋውን ይዤው እመጣለሁ። ያመጡልሽን ዳቦ አንቺው ቁረሽላቸው፤ ቆሎም ካለሽ ቁይልን፤ የእኔ ድግስ እሱ ይሁን። ሐሜቱን እችለዋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ለገና ቅቤውን በሙሉ የላክሽልኝ ጊዜ፣ ለጨጓራዬ አልስማማው ብሏል፣ ሽታውም ያመኛል ብለሽኝ ነበር። እኔም አምኜሽ ነበር። ለድግሱ ብዬ አልነካሁትም፤ በላክሽበት ቅል እንዳለ ነው። እሑድ ይዤው እመጣለሁ። ጾም አይደለም፤ ከፊቴ ትበያለሽ።

እመቤቴ ከአፌ የወጣውን ሕመም ካንቺ ታርቅልኝ፤ ወገብሽን ታጽናልኝ። ምርቃትሽ አይለየኝ።

በጤናሽ የዋሸችው
ልጅሽ