ስለ ዘጠኝ ወረቀቶች ጀርባ

ለክቡር የሰነዶች ጥበቃና አደረጃጀት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለባልደረቦችዎና በተለይም ለጽሕፈት ቤትዎ የማተሚያ ማሽን ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። ማሽኑን ለይቼ ያነሳሁበት ምክንያት ከታች ይገለጣል። ነገሩ እንዳይደበላለቅ በመጀመሪያ ቀናቱን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

ታኅሣሥ 9 ቀን 1994 ዓ.ም.፦ በኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ለሠላሳ አንድ ዓመት የሠፈሩ ዕድር ጥሩምባ ነፊ የነበሩት ገጣሚ ባምላኩ ጽጌማርያም ዐረፉ። ዕድሩም በወጉ ቀበራቸው።

ከ1996 እስከ 2010 ዓ.ም.፦ በሥነ ጽሑፍ መምህርነት ሳገለግል ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸው ጥናት አካሄድኩ።

ጥቅምት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.፦ የጥናቱን ሰነዶች በሙሉ በአሥራ አንድ ካርቶን ከነማውጫቸው ለጽሕፈት ቤትዎ አስረከብኩ። ከእነዚህም ውስጥ «ነፊው» የተሰኘው ባለ ዘጠኝ ክፍል ግጥማቸው ነበረበት። አቶ ባምላኩ ወረቀት የመግዛት ልማድ ስላልነበራቸው ግጥሙን የጻፉት ከእደላ በተረፉ ዘጠኝ የዕድር መጥሪያዎች ጀርባ ላይ ነው። ለጥንቃቄ ያህል የየጀርባውን ሁለት ሁለት ፎቶ ኮፒ አያይዤ ነበር፤ በድምሩ አሥራ ስምንት።

መጋቢት 2016 ዓ.ም.፦ ጽሕፈት ቤትዎ የመዝገብ ማጥራት ዘመቻ አካሄደ።

ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.፦ ዘጠኙ ወረቀቶች «ለሚመለከተው አካል» በሚል ሸኚ ደብዳቤ ለዕድሩ ተላኩ።

ሰኔ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እሑድ፦ ዕድሩ የገጣሚውን ባለቤት የወ/ሮ ድንቅነሽን አባልነት አገደ። ወ/ሮ ድንቅነሽ የሰማንያ ሦስት ዓመት አዛውንት ናቸው።

ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች «ቅሬታ» ብሎ መሰየም ከጽሕፈት ቤትዎ ልፋት አንጻር ስለሚከብደኝ፣ ምስጋናዎች ብዬ በቁጥር አቀርባቸዋለሁ።

1ኛ. የሰነድ ፊት የቱ እንደሆነ ለዘመናት ሲያወዛግብ የኖረውን ጥያቄ መመሪያችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ስለቋጨው አመሰግናለሁ፦ «የሰነድ ፊት ማለት ማኅተም ያረፈበት ገጽ ነው።» በዚህ መሠረት የአቶ ባምላኩ ግጥም ሰነድ ሳይሆን የሰነድ ጀርባ ሆኖ ተገኝቷል። የመዝገብ ክፍል ባልደረባዎ ወ/ሮ ሆሳዕና ይህንኑ በትዕግሥት አስረድተውኛል። «አባቴ፣» አሉኝ፣ «ጀርባ እኮ ኮድ የለውም። ኮድ የሌለውን ነገር የት ብዬ ልፈልግልዎ?»

2ኛ. ወረቀቶቹን ቆሼ ስላልላካችኋቸው አመሰግናለሁ። በእርግጥ ቆሼ ያሉት ለቃሚዎች በእጃቸው የገባውን ሁሉ ገልብጠው ስለሚያዩ፣ ለግጥሙ የተሻለ ዕድል ይኖረው እንደነበር በሙያዬ ከመጠርጠር አልቦዝንም።

3ኛ. ዕድሩ ከእናንተ የደረሱትን ዘጠኝ መጥሪያዎች መርምሮ፣ ጥሩምባ ነፊው ለአባላት ማደል የነበረባቸውን ወረቀቶች በእጃቸው አስቀርተዋል ከሚል ድምዳሜ ደርሷል። ስለዚህም ሟቹ «ቀርበው እስኪያስረዱ ድረስ» የቤተሰቡ አባልነት ታግዷል። የዕድሩን ዳኛ አቶ ወዬሳን ቤታቸው ድረስ ሄጄ አነጋግሬያቸዋለሁ። «ጋሼ በየነ፣ ጋሽ ባምላኩን የቀበርኳቸው እኔው ነኝ፤ ድንኳኑን ያስተከልኩትም እኔ ነኝ» አሉኝ። «ግን ባለማኅተም ደብዳቤ ነው የመጣው። ምን ልበለው? ቀብሬያቸዋለሁ ብዬ ልመልሰው?» መጥሪያዎቹ ማስረጃ በመሆናቸው በቃለ ጉባኤው መዝገብ ላይ በማስቲሽ ተለጥፈዋል፤ ፊታቸው ወደ ላይ፣ ግጥሙ ወደ ታች። ቢላጡ ይቀደዳሉ፤ የዕድር ማስረጃ ደግሞ አይቀደድም።

የነገሩ መፍትሔ ግን እዚያው ማስቲሹ ሥር አለ። በዘጠነኛው ወረቀት ጀርባ፣ ከመጨረሻው ስንኝ በታች፣ የዚያን ዘመን የዕድሩ ዳኛ የነበሩት አቶ ጉዲሳ በእጃቸው እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ትርፍ ወረቀት ነው። ለግጥሙ ይሁነው።» አቶ ወዬሳ የጋሽ ጉዲሳን የእጅ ጽሕፈት በፎቶ ኮፒም ቢሆን ካዩ እገዳውን በዚያው ቀን እንደሚያነሱ በመሐላ አረጋግጠውልኛል።

4ኛ. ፎቶ ኮፒዎቹን በተመለከተ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አሥራ ስምንቱም ማኅተም ስለሌላቸው «በአንድ ጎኑ አገልግሎት ያልሰጠ ወረቀት» ተብለው ለማተሚያ ክፍል ወጪ ተደርገዋል። ይህን ያወቅሁት ሐምሌ 3 ቀን ለመጀመሪያው አቤቱታዬ መልስ ሲደርሰኝ ነው። መልሱ «ወረቀቶቹ ጀርባ የነበራቸው ስለመሆኑ ከመዝገባችን ማረጋገጥ አልቻልንም» ይላል። የታተመው በአራተኛው ክፍል ፎቶ ኮፒ ጀርባ ላይ ነው።

ደግሜ ጻፍኩ። መስከረም 20 ቀን በክልከላዎ ጀርባ ሁለተኛው ክፍል ደረሰኝ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ያገኘሁትን ይህን ስንኝ የክብ ማኅተምዎ ቀለም ዘልቆበት እያለም ለማንበብ ችያለሁ፦

ጥሩምባዬን ሰምቶ ይላል ሰው «ማን ሞተ?»፤
የጠየቀኝ የለም «ነፊው ሰነበተ?»

ኅዳር 11 ቀን፣ «ጉዳዩ ቀደም ሲል ምላሽ ያገኘ ነው» በሚለው ደብዳቤ ጀርባ፣ ሰባተኛው ክፍል መጣ። ጥር 15 ቀን ደግሞ የቀሩት ኮፒዎች ከማሽኑ መሳቢያ ተፈልገው እንዲሰጡኝ ላቀረብኩት ጥያቄ፣ የማተሚያ ወረቀት አላቂ ዕቃ በመሆኑ ለባለጉዳይ እንደማይሰጥ ተገለጸልኝ። ይህ መልስ የታተመው እንደገና በሁለተኛው ክፍል ላይ ነበር። አንድ ክልከላ እንደባከነብኝ ሳልደብቅ እገልጻለሁ።

ሁኔታውን በስሌት ስመለከተው፣ ከአሥራ ስምንቱ አራቱ ደርሰውኛል፤ አሥራ አራቱ ይቀራሉ፤ ከእነዚህም ሁለቱ ዘጠነኛው ክፍል ናቸው። ጽሕፈት ቤትዎ በአማካይ በስድሳ ስድስት ቀን አንዴ ስለሚከለክለኝ፣ ዕድሌ ከከፋ ዘጠነኛውን ለማግኘት ሁለት ዓመት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ይህንኑ ለወ/ሮ ድንቅነሽ ነገርኳቸው። ከበሽታቸው ጋር እየታገሉ «እሞክራለሁ» አሉኝ። አስከትለውም «ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ሞት ሲነፋ ኖረ፤ ለእኔ የሚነፋ ይጥፋ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለዚህ ጥያቄ ምላሽ መስጠት በእኔ ሥልጣን ሥር ባለመሆኑ ወደ ክቡርነትዎ መርቼዋለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ እነሆ። ዘጠነኛው ክፍል በመሳቢያው ውስጥ ተፈልጎ ቢሰጠኝ ደስታዬ ነው። ይህ ከአሠራር ውጪ ከሆነ ግን ከመከልከል እንዳትቦዝኑ፣ ይልቁንም ፍጥነታችሁን እንድትጨምሩ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ሥራ እንዳይበዛባችሁ አሥራ አራት አጫጭር ጥያቄዎችን በአባሪነት አያይዣለሁ። እያንዳንዳቸው «አይቻልም» በሚለው ቃል ብቻ ሊመለሱ እንዲችሉ ሆነው በጥንቃቄ የተዘጋጁ ናቸው። እባክዎ እያንዳንዱ መልስ በተለየ ወረቀት ይታተምልኝ።

ግጥም ማኅተም እንደሚያስፈልገው ዘግይቼ የተረዳሁት፣ ክልከላችሁን ግን በናፍቆት የምጠባበቀው፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር
በየነ ሀብተሥላሴ
ጡረተኛ የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ ዓለም ባንክ ሠፈር
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለዕድሩ ዳኛ ለአቶ ወዬሳ
ለማተሚያ ክፍል፣ ሁለተኛው መሳቢያ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ እኔ ማኅተም የለኝም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በመመሪያችሁ መሠረት በአንድ ጎኑ አገልግሎት ያልሰጠ ወረቀት መሆኑን ዘንግቼ አይደለም። መልሳችሁን በዚሁ ደብዳቤ ጀርባ ላይ አትማችሁ እንዳትልኩልኝ አደራ እላለሁ፤ የራሴን አቤቱታ አንብቤዋለሁ፣ ወ/ሮ ድንቅነሽም የሚያባክኑት ስድሳ ስድስት ቀን የላቸውም። ለወደፊቱ የጥናት ሰው ጉዳዩ ግራ እንዳያጋባው ደግሞ የደረስኩበትን ግኝት በአጭሩ መዝግቤ ላብቃ። ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ዘጠኙ ወረቀቶችና አሥራ ስምንቱ ኮፒዎች ተለይተዋል፣ ተቆጥረዋል፣ ኮድ ተሰጥቷቸዋል ወይም ተነፍገዋል፣ ተሸኝተዋል፣ ታትሞባቸዋል፣ ማኅተም ተመቶባቸዋል።

ገልብጦ ያነበባቸው የለም።