ወንበሩን ሰጥታችኋል፤ ትራሱን መልሱልን

ለክቡር የኮምፒውተር ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ያ ከመንገድ ማዶ ሲያዩት ዓይን የሚወጋው መስታወታም ሕንፃዎስ እንደምን አሉ? እኔ ደህና ነኝ። ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ ደህና መሆን እንዴት እንደሆነ በደንብ ባላውቅም፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እነሣለሁ። የተጠባባቂዋ የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ አባት ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የፋብሪካ በር ስጠብቅ የኖርኩ ዘበኛ ስለሆንኩ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ይቅር ይበሉኝ፤ ሐሳቡ ቀጥ ያለ ነው። ደብዳቤውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው ማድረጌም እርስዎን ለመድፈር ሳይሆን፣ ይህን ሁሉ ደግነትዎን ብቻዬን ዐውቄው መቅረት ስለከበደኝ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ማዕረጓ ላመሰግንዎ። ልጄ ክፍሉን የተረከበች ጊዜ ቢሮዋን ልታሳየን እኔንና እናቷን ይዛን ሄደች። በሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ለቅሜ «ተጠባባቂ» የሚለው ላይ ስደርስ ደረቴ ተነፋ። እኔ የፋብሪካ ጠባቂ፣ እሷ የኮምፒውተር ጠባቂ፤ የአባቷን ሙያ ያሳደገች መሰለኝና ለጎረቤቱ ሁሉ እንዲሁ ብዬ አወራሁ። እናቷም ወንበሩ ለወገብ አይመችም ብላ ከአሮጌ ቀሚሷ ሰማያዊ ትራስ ሰፍታ ሰጠቻት። በኋላ ነው ልጄ እየሳቀች ያረመችኝ።

«አባዬ፣ ጠባቂ አይደለሁም እኮ። ለወንበሩ ሰው እስኪገኝለት ነው የተቀመጥኩት።»

«አንቺስ ሰው አይደለሽም?» አልኳት። ሳቋን አቆመች። እናቷ፣ ያቺ ቃል ዛሬ ትነሣለች ነገ ትነሣለች ስትል ሞተች። ሚስቴም ተጠባባቂ ኖራለች ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ ሰው በማግኘትዎ እንኳን ደስ ያለዎ። ያን ያህል ዘመን ሲፈልጉት የደከሙበት ሰው፣ ለካ እዚያው ከልጄ አጠገብ ተቀምጦ «እህቴ፣ ይሄ ደግሞ እንዴት ነው የሚሠራው?» ሲላት የኖረው ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ሰውየውን መዳብ አልልም፣ ምንም አልበደለኝም። ሥራውን እስኪለምድ አጠገቡ ሆነሽ አስተምሪው ብለው ማዘዝዎን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። አደራ የሚሰጠው ለታመነ ነው።

ሦስተኛ፤ በዚያው ሰሞን ስላዘጋጁት የሴቶች ስብሰባ። ልጄ፣ ሴት ሠራተኛ ስትወልድ ሥራዋ እንዳይወሰድባት፣ ሴት አመልካችም ማመልከቻዋ ሳይነበብ እንዳይጣል ከእናንተው ጋር ስትሟገት መኖሯን ለእርስዎ አልነግርዎትም። ለዚህም ሊሸልሟት ጠሩን፤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ «ሴቶችን እናብቃ» ተብሎ ተጽፏል። እኔ መሃይሙ «በቃችሁ እንበላቸው» ማለት መሰለኝ፤ ልጄ ግን «ብቁ እናድርጋቸው» ማለት ነው አለችኝ። የተማረችው እሷ ናትና አመንኳት። እርስዎ መድረክ ላይ ወጥተው ወንዶቹን ኢንጂነር፣ ዶክተር እያሉ ሲጠሩ ቆይተው እሷ ላይ ሲደርሱ «እህታችን ለዚህ ክፍል የደከመችውን አንረሳውም» ሲሉ ግን፣ የኔው ትርጉም ሳይሻል አይቀርም አልኩ። እንዲህ የሚባለው ለሞተ ሰው ነው። በቅርቡ ስለቀበርኩ ወጉን አልዘነጋሁትም። ለማንኛውም ወንድሟ ከሆኑ እኔም አባትዎ ነኝና፣ እናትዎ ስትቀበር አለመምጣትዎን ይቅር ብያለሁ።

አራተኛም ነበረኝ፤ ብዕሩን ሳነሣ ጠፋብኝ።

ልጄ ተቆጥታብዎታለች ብለው እንዳይሠጉ። ከሥራ ትመጣለች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ትቀመጣለች፤ እኔም ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ፤ ሬዲዮው ብቻውን ያወራል። እናቷ ብትኖር አንዳችን ባለቀስን። አንድ ቀን «አባዬ፣ ልቀጥል ወይስ ልተወው?» አለችኝ። በር ጥሎ የሚሄድ ዘበኛ ከሃዲ ነው ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ተረኛው ከመጣ ዘበኛ ቁልፉን አስረክቦ ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ፣ አጠገቡ ቆሞ በር እንዴት እንደሚጠበቅ ሲያስተምር አይቼ አላውቅም። ይህንኑ ነገርኳት። ሰኞ ሄዳ አስረክባ መጣች። ጫማዋንም አወለቀች።

ውለታዎ ከብዶት ከመቀመጫው መነሣት ያቃተው፣
የቀድሞ የበር ጠባቂ፣
የቀድሞዋ ተጠባባቂ አባት፣
እጅ በመንሣት።

የተረሳ፦ ልጄ ሁሉን አስረክባ ስትወጣ ሰማያዊውን ትራስ ወንበሩ ላይ ረስታዋለች። የአዲሱን ኃላፊ ወገብ ተመችቶት እንደሚሆን አልጠራጠርም። ወንበሩ የእናንተ ነው፤ ትራሱ ግን የሚስቴ ቀሚስ ነው። ነገ ጠዋት መጥቼ በርዎ ላይ እቀመጣለሁ። ለኔ ብለው አይቸኩሉ፤ መጠበቅ የቤታችን ሙያ ነው።